የጌም አድናቂዎች ድረ ገጽን እንደ አዲስ ማሰብ፦ ስለ አቅጣጫና ስለ ዲዛይን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንድን የቪዲዮ ጌም የሚወዱ ሰዎች የከፈቱት ድረ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ በእቅድ አያድግም። አንዱ ካርታ ይጨምራል፣ ሌላው የመሣሪያ ዝርዝር ያስገባል፣ ሦስተኛው ጌሙ ከመውጣቱ በፊት የተሰማውን ወሬ ሁሉ ይሰበስባል። ዓመታት ሲያልፉ ማንም ያላሰበው ነገር ቆሞ ይገኛል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች እንዲህ ያለውን ድረ ገጽ ለማቃናት የተነሱ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ድረ ገጹ መታደስ እንዳለበት በምን አውቃለሁ?

ዲዛይኑ ስለሰለቸዎት ብቻ አይንኩት። ገጹን ከማንም በላይ የሚያየው ባለቤቱ ስለሆነ ቀድሞ የሚሰለቸውም እሱ ነው። አንባቢው የአንድ በር ቁልፍ የት እንደተደበቀ አይቶ ወደ ጌሙ ይመለሳል፤ የጀርባው ቀለም ያለፈበት መሆኑን ልብ አይልም። እውነተኛዎቹ ምልክቶች ሌሎች ናቸው። ተጽፎ ያለን ነገር ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁ ከሆነ ጽሑፉ ቢኖርም አይገኝም ማለት ነው። አዲስ አበርካች ጽሑፍ ይዞ መጥቶ የት እንደሚያስገባው ግራ ከተጋባ፣ የክፍሎቹ አመዳደብ ከእርስዎ ጭንቅላት ውጭ አይታወቅም። መመሪያዎቹ ከብዙ ማሻሻያ በፊት የነበረውን ጌም የሚገልጹ ከሆነና የትኛው እንዳረጀ የሚለይ ምልክት ከሌለ ደግሞ ችግሩ ከመልክ አልፎ አመኔታ ላይ ደርሷል።

ከአቅጣጫና ከዲዛይን የቱ ይቅደም?

አቅጣጫ። ነገር ግን ቀለም መምረጥ ደስ ስለሚል፣ መወሰን ደግሞ ስለሚከብድ፣ ሥራው ሁልጊዜ ከቀለሙ ይጀመራል። ውጤቱም የድሮውን ግራ መጋባት ሳይቀንስ የያዘ አዲስ መልክ ነው።

መጀመሪያ የሚወሰነው ማን እንደሚመጣ ነው። ወደ ጌም ድረ ገጽ የሚመጣ ሰው በአመዛኙ ከሦስት ዓይነት አንዱ ይሆናል። አንደኛው ጌሙን ገና እየተጫወተ መንገድ ላይ የቆመ ነው። መቆጣጠሪያውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ስልኩን በአንድ እጁ ይዞ፣ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መልስ ይፈልጋል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ታሪክ ግን ማንም እንዲነግረው አይሻም። ሁለተኛው ጌሙን ጨርሶ ወደ ውስጡ የዘለቀ ነው። የአንድ ሰይፍ የጉዳት መጠን እንዴት እንደሚሰላ፣ አንድ ብርቅ ዕቃ የመገኘት ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ፣ ቁጥሩ በየትኛው ማሻሻያ እንደተቀየረ ማወቅ ይፈልጋል። ሦስተኛው መጫወት ካቆመ ዓመታት አልፈውታል፤ የሚመጣው የድሮውን የሽፋን ሥዕል፣ የመጽሔት ማስታወቂያውን፣ ተሠርቶ የተሰረዘውን የገጸ ባሕርይ ንድፍ ለማየት ነው።

ሦስቱንም በአንድ መነሻ ገጽ እኩል ማስተናገድ አይቻልም። ለመጀመሪያው አጭር መልስ፣ ለሁለተኛው ሰፊ ሠንጠረዥ፣ ለሦስተኛው ትልልቅ ምስል ያስፈልጋል፤ አንዱ የሚፈልገው ለሌላው መሰናክል ነው። አንዱን ዋና ያድርጉ፤ ሌሎቹ በቀላሉ የሚደርሱበት የራሳቸው ክፍል ይኑራቸው። ውሳኔውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈው አብረዎት ለሚሠሩት ያሳዩ። በዓረፍተ ነገሩ ያልተስማማ ቡድን በቀለሙም አይስማማም።

አቅጣጫ መቀየር ማንነትን አያሳጣም?

ቅርጽ መቀየርና ዓላማ መቀየር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለ ኤልደር ስክሮልስ ጌሞች የሚያትተው ዩኢኤስፒ በ1995 ሲጀመር በአንድ ሰው የሚዘጋጅና ከጌሞቹ አንዱ በሆነው በዳገርፎል ላይ ያተኮረ ነበር፤ በ2005 ማንም ሊያርመው የሚችል ዊኪ ሆነ። አሠራሩ ከሥሩ ተለወጠ፤ የጌሙን ዓለም በዝርዝር የመመዝገብ ዓላማው ግን አልተለወጠም። በሌላ በኩል በ1999 የተከፈተው የፖኬሞን ድረ ገጽ ሴሬቢ የሚታወቀው በመልኩ አይደለም፤ አዲስ መረጃን በፍጥነት በማውጣቱ ነው። ሁለቱም ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ ኖረዋል። እንደ እኔ ግምት ያኖራቸው እያንዳንዳቸው አንድ ነገር ከማንም በተሻለ መሥራታቸው ነው።

ዜና ማቅረብ ልቀጥል?

በአብዛኛው ይተዉት። ዛሬ የጌሙ አሳታሚ ራሱ ዜናውን በቪዲዮና በማኅበራዊ መገናኛ በቀጥታ ያወጣል፤ ትልልቆቹ የጌም ጋዜጦች በደቂቃዎች ውስጥ ይቀባበሉታል። ሁለት ፈቃደኛ ሠራተኞች ያሉት ድረ ገጽ ያንኑ መግለጫ በማግሥቱ በሌላ ቃል ሲጽፈው የሚያገኘው ድካም ብቻ ነው። የሚያዋጣው ከዜናው ማግሥት የሚመጣው ሥራ ነው። አሳታሚው «የአንዳንድ መሣሪያዎች ሚዛን ተስተካክሏል» ብሎ ሲያልፍ፣ የትኛው በምን ያህል እንደተለወጠ ሞክሮ፣ ለክቶ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። የድሮ ዜናዎችን ግን አይሰርዙ፤ በቀን ቅደም ተከተል የተቀመጠ ዜና ከአሥር ዓመት በኋላ የጌሙ ታሪክ ነው።

ጌሙ አርጅቷል፣ አዲስ ክፍልም የሚወጣለት አይመስልም። ልዝጋው?

እንዲያውም አሁን ነው የሚያስፈልገው። ያሁ ሰዎች የራሳቸውን ድረ ገጽ በነጻ የሚከፍቱበትን የጂኦሲቲስን አገልግሎት በጥቅምት 2009 ሲዘጋ በተራ ሰዎች የተሠሩ እጅግ ብዙ ገጾች፣ የጌም አድናቂዎችንም ጨምሮ፣ ጠፍተዋል፤ የተረፉት ፈቃደኞች ተሯሩጠው የቀዷቸው ናቸው። አዶቤ ጌሞችን በብሮውዘር ውስጥ ለሚያሠራው ፍላሽ ለተባለ ሶፍትዌር የሚሰጠውን ድጋፍ በ2020 መጨረሻ ሲያቆም በእሱ የተሠሩ ጌሞች አብረው ቆሙ፤ ዛሬ የሚታዩት እንደ ሩፍል ያሉ ሶፍትዌሮችና እንደ ፍላሽፖይንት ያሉ የማዳን ሥራዎች ስላሉ ነው። በኢንተርኔት ብቻ የሚሠራ ጌም ከሆነ ደግሞ ሰርቨሩ የተዘጋ ዕለት ማንም ዳግመኛ ገብቶ ማየት አይችልም። የሚቀረው ሰዎች የጻፉት፣ ያነሱትና የቀረጹት ነው።

ስለዚህ አቅጣጫው «መዝገብ ቤት» ሊሆን ይችላል። ያ ደግሞ የራሱ ዲዛይን አለው፦ የመነሻ ገጹ «አዲስ የገባ» ብሎ መጮኹን ያቆማል፤ እያንዳንዱ ምስል ከየት እንደተገኘ፣ በየትኛው የጌሙ ቅጂ፣ በየትኛው መጫወቻ ማሽን ላይ እንደተነሳ ይጻፍለታል። በሙሉ ጥራቱ የተነሳውን ፋይል አስቀምጡ፤ ለእይታ የሚሆነውን ትንሹን ከእሱ መሥራት ይቻላል፣ ከትንሹ ትልቁን መመለስ ግን አይቻልም።

መመሪያዎችንና ዝርዝሮችን እንዴት ላደራጅ?

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የመጨረሻውን ትኩረት የሚያገኘው እሱ ነው።

የጌም ድረ ገጽ ሠሪዎች ነገሮችን በራሳቸው እውቀት ይመድባሉ፦ መሣሪያዎች፣ ትጥቆች፣ ጠላቶች፣ ተልእኮዎች። ምደባው ትክክል ነው፤ ችግሩ የሚመጣው ሰው የዕቃውን ስም አለማወቁ ነው። የሚያውቀው ያለበትን ቦታ ነው፦ «ድልድዩን ከተሻገርኩ በኋላ ያለው ዋሻ»። ስለዚህ እያንዳንዱ ነገር ቢያንስ በሁለት መንገድ መገኘት አለበት፤ በዓይነቱና በቦታው። ሦስተኛ መንገድ የሚጨምር፣ በታሪኩ ሂደት መሠረት የሚመድብ፣ የበለጠ ያተርፋል፤ የቆመው ተጫዋች የት እንደደረሰ ያውቃልና።

ቁጥሮችን ከጽሑፉ ይለዩ። የአንድ ሰይፍ ክብደትና ዋጋ በሰይፉ ገጽ፣ በመሣሪያዎች ዝርዝርና በሦስት መመሪያዎች ውስጥ በእጅ ከተጻፈ፣ ማሻሻያ በወጣ ቁጥር አምስት ቦታ መታረም አለበት፤ አንዱ ደግሞ መረሳቱ አይቀርም። ቁጥሩ በአንድ የመረጃ ቋት ውስጥ አንድ ጊዜ ተመዝግቦ ገጾቹ ሁሉ ከዚያ ቢወስዱ ይህ ጣጣ የለም። ዊኪ ለመሥራት የሚያገለግለው ሚዲያዊኪ ይህን የሚያስችሉ ቅጥያዎች አሉት፤ ገጾችን አስቀድመው አዘጋጅተው የሚያስቀምጡት እንደ ሁጎ ያሉ መሣሪያዎችም ከመረጃ ፋይል አንብበው ሠንጠረዥ ይሠራሉ።

ከዚያ በእያንዳንዱ መመሪያ አናት ላይ «በዚህ የጌሙ ቅጂ ተሞክሯል» የሚል መስመር ያስቀምጡ። የታተመበት ቀን ብቻውን በቂ አይደለም። አንባቢው ጌሙ መቼ እንደተሻሻለ ላያስታውስ ይችላል፤ የቅጂው ቁጥር ግን ብዙውን ጊዜ በጌሙ መክፈቻ ስክሪን ላይ ተጽፎለታል።

አንድ ነገር በጨረፍታ፦ ከ1995 ጀምሮ ያለው የጌም መመሪያዎች ድረ ገጽ ጌምኤፍኤኪውስ ታዋቂ የሆነው አንዳችም ምስል በሌላቸው፣ እጅግ ረጃጅም በሆኑ ተራ የጽሑፍ ፋይሎች ነው። ጸሐፊዎቹ ለየክፍሉ አጭር መለያ ምልክት ይሰጡ ነበር፤ አንባቢው ያንን ምልክት ፈልጎ በቀጥታ ወደ ቦታው ይደርሳል። ከብዙ ዘመናዊ ገጽ የተሻለ አሰሳ ነበረው ብል ማጋነን አይሆንም።

እንደ ፋንደም ባለ ዊኪ የሚያስተናግድ ነጻ አገልግሎት ላይ ልቆይ ወይስ የራሴን ሰርቨር ልያዝ?

ነጻ አገልግሎት የቴክኒኩን ሸክም ይወስዳል፤ በምላሹ የማስታወቂያውን ብዛት፣ የገጹን መልክና የወደፊቱን ውሳኔ ይወስዳል። ትልልቅ ማኅበረሰቦች ይህን ሒሳብ ሠርተው ወጥተዋል፦ የሩንስኬፕ ዊኪ በ2018፣ የዜልዳ ዊኪ በ2022፣ የማይንክራፍት ዊኪ በ2023 ፋንደምን ለቀው በራሳቸው አድራሻ ቆመዋል። ጽሑፎቹ ማንም ምንጩን ጠቅሶ እንዲገለብጣቸው በሚፈቅደው በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ የተጻፉ ስለሆኑ ይዞ መውጣት ይቻላል። የሚከብደው ሌላ ነው፤ የለቀቁት የድሮ ቅጂ እዚያው ክፍት ሆኖ ይቀራል፣ በመፈለጊያ ሞተሮችም ለዓመታት የተከማቸ ስፍራ ስላለው ከአዲሱ በላይ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ከመውጣትዎ በፊት በየጊዜው የሚጽፉት ሰዎች አብረው እንደሚመጡ ያረጋግጡ። አድናቂዎቹ ያልተከተሉት ዊኪ የፋይል ክምር ነው። ድረ ገጽዎ ትንሽ ከሆነና ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው ከሌለዎት መቆየት አያሳፍርም፤ ብቻ የሙሉ ይዘቱን ቅጂ በየጊዜው ያውርዱ።

የድሮ ገጾች አድራሻ ቢቀየርስ?

ባይቀየር ይመረጣል። ለዓመታት ሰዎች በቪዲዮ መግለጫ፣ በዊኪፒዲያ፣ በጓደኛ መልእክት ውስጥ ያስቀመጧቸው ሊንኮች የድረ ገጽዎ ትልቁ ሀብት ናቸው፤ አንድ ቀን በተደረገ ማስተካከያ ሁሉም «ገጹ አልተገኘም» ወደሚለው 404 ሊወድቁ ይችላሉ። መቀየር ግድ ከሆነ የድሮውንና የአዲሱን አድራሻ ጎን ለጎን የያዘ ዝርዝር ያዘጋጁና ሰርቨሩ እያንዳንዱን ጠያቂ ወደ አዲሱ በቋሚነት እንዲመራ ያድርጉ፤ 301 የሚባለው ምላሽ ለዚህ የተሠራ ነው። ጎግል ይህ አቅጣጫ ማሳያ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲቆይ ይመክራል። እኔ ድረ ገጹ እስካለ ድረስ ይቆይ እላለሁ፤ የሚያስወጣው ወጪ የለም።

ሁሉንም ወደ መነሻ ገጽ መምራት ግን መፍትሔ አይደለም። የአንድ ተልእኮ መመሪያ ፈልጎ የመጣ ሰው የእንኳን ደህና መጡ ጽሑፍ ሲያይ ይሄዳል።

ምስሎችን በሌላ አገልግሎት ላይ አስቀምጬ ማሳየት እችላለሁ?

ይቻላል፤ አይመከርም። በ2017 የምስል ማስቀመጫ አገልግሎቱ ፎቶበኬት ምስሎችን በሌሎች ድረ ገጾች ላይ ማሳየትን በዓመት 399.99 ዶላር ለሚከፍሉ ብቻ አደረገው። ለዓመታት የተጻፉ መመሪያዎች ውስጥ የነበሩ ካርታዎችና ሥዕሎች በአንድ ጊዜ በክፍያ ማሳሰቢያ ምስል ተተኩ። ምስሉ ከጽሑፉ ጋር በአንድ ቤት ይደር።

መነሻ ገጹ ምን ይምሰል?

ከሚገመተው ያነሰ ክብደት ይሰጠው። አብዛኛው አንባቢ ከመፈለጊያ ሞተር በቀጥታ ወደ አንድ የውስጥ ገጽ ነው የሚገባው፤ መነሻውን ሳያይ ይወጣል። እያንዳንዱ የውስጥ ገጽ «የት ነኝ? ከዚህ ወዴት መሄድ እችላለሁ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ሊኖረው ይገባል። መነሻው ላይ በግልጽ የሚታይ የመፈለጊያ ሳጥንና ዋና ዋና ክፍሎቹ ካሉ ይበቃል። በየጥቂት ሰከንዱ የሚገለባበጡትን ትልልቅ ምስሎች ያስወግዷቸው፤ ማንም አያነባቸውም።

የጌሙን ቀለም፣ ፊደልና አርማ ብጠቀም አያምርም?

ያምራል፤ እስከ አርእስቱ ድረስ። በጥቁር ጀርባ ላይ የደም ቀይ ፊደል ለአስፈሪ ጌም ማስታወቂያ ይስማማ ይሆናል፣ የሁለት ሺህ ቃል መመሪያ ግን በዚያ መንገድ አይነበብም። ለድረ ገጾች ተደራሽነት የወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ለተራ ጽሑፍ በፊደሉና በጀርባው መካከል ቢያንስ 4.5 ለ1፣ ለትልልቅ ፊደል 3 ለ1 የብርሃን ንጽጽር እንዲኖር ይጠይቃል። ይህን የሚለኩ ነጻ መሣሪያዎች አሉ፤ በሁለት ደቂቃ ያልቃል።

ጌሞች የዕቃን ብርቅነት በቀለም ይለያሉ፤ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ብርቱካናማ። ሠንጠረዥዎ ላይ ያንኑ ቀለም ብቻ ከተጠቀሙ ቀለም የመለየት ችግር ያለባቸው አንባቢዎች ይጠፋባቸዋል፤ በወንዶች ዘንድ ይህ ችግር እስከ 8 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ከቀለሙ አጠገብ ቃሉንም ይጻፉ።

አርማውን በተመለከተ፣ ድረ ገጹ የአሳታሚው የራሱ እንዲመስል የሚያደርግ ነገር ሁሉ ለአንባቢም ለእርስዎም ጥሩ አይደለም። የራስዎ ምልክት ይኑርዎት፤ የአድናቂዎች ሥራ መሆኑም በግልጽ ይጻፍ።

ለስልክ የተለየ ድረ ገጽ ልሥራ?

አይ። በስክሪኑ ስፋት ራሱን የሚያስተካክል አንድ ድረ ገጽ ይበቃል፤ ይህ አሠራር ከ2010 ጀምሮ የታወቀ ነው። በ2016 መጨረሻ ገደማ፣ የድረ ገጽ አጠቃቀምን በሚለካው በስታትካውንተር ልኬት፣ በዓለም ላይ ድረ ገጾች በስልክና በታብሌት የሚከፈቱበት መጠን ከኮምፒውተር በልጧል። ጌሙ የሚጫወተው በኮምፒውተር ቢሆንም እንኳ መመሪያው አጠገቡ ባለው ስልክ ላይ ይነበባል። የሚያስቸግሩት ሰፋፊ ሠንጠረዦች ናቸው፤ የመጀመሪያው ዓምድ ቆሞ ሌላው ወደ ጎን እንዲንሸራተት ማድረግ ከሁሉ የቀለለ መላ ነው።

ገጾቹ በጣም ይዘገያሉ። ጥፋቱ የማን ነው?

ዘጠኝ ጊዜ ከአሥሩ የምስሎቹ ነው፤ ቀጥሎ የማስታወቂያው። ከጌሙ በቀጥታ የተነሳ ምስል ሳይቀነስ ገጽ ላይ ሲለጠፍ ከጽሑፉ በብዙ መቶ እጥፍ ይከብዳል። የምስል ፋይልን ክብደት ወደሚቀንሰው ዌብፒ ቅርጽ ይቀይሩት፣ አንባቢው እስኪደርስበትም እንዳይጫን ያድርጉ። ስፋቱንና ቁመቱን በኮዱ ውስጥ መጻፍ አይርሱ፤ ካልተጻፈ ምስሉ ሲደርስ ጽሑፉ ወደ ታች ይዘላል፣ ሰው ሊጫነው የነበረው ሊንክም ከጣቱ ሥር ይሸሻል። ጎግል የገጹ ትልቁ ክፍል በ2.5 ሰከንድ ውስጥ ከታየ ጥሩ ብሎ ይቆጥረዋል።

ታሪኩን አስቀድሞ የሚያጋልጥ ጽሑፍን እንዴት ልያዝ?

ጥንቃቄው ከጽሑፉ በፊት ይጀምራል። ብዙዎች መጨረሻውን በሚሸፍን ሳጥን ውስጥ ከትተው፣ በዚያው ገጽ አርእስት ላይ «የእገሌ አሟሟት» ብለው ይጽፋሉ። አርእስት፣ የማውጫ ስም፣ የምስል ፋይል ስም፣ በፍለጋ ውጤት የሚወጣው አጭር መግለጫ፣ የመፈለጊያ ሳጥኑ የሚያቀርባቸው ግምቶች፤ ሁሉም ምሥጢር ያወጣሉ። የገጸ ባሕርያት ገጽ ላይ «የመጨረሻ ሁኔታ» የሚል መስመር በአናቱ ማስቀመጥ ደግሞ የተለመደ ጭካኔ ነው፤ ወደ ገጹ ግርጌ ይውረድ። ምን ያህል ጊዜ መጠበቅ እንደሚገባ የተስማሙበት ሕግ የለም። ለእኔ የሚታየኝ ግን ጌም እንደ ዜና አያረጅም፤ ዛሬም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከፍተው ሰው አለ።

ነባር አባላት ለውጡን ቢቃወሙስ?

ይቃወማሉ። ከተቃውሞው ውስጥ ልማድን ከጉዳት መለየት የእርስዎ ፋንታ ነው። «አልወደድኩትም» የሚለው ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይበርዳል፤ «በሁለት ጠቅታ እደርስበት የነበረው አሁን አምስት ይፈጃል» የሚለው ግን አይበርድም፣ መብረድም የለበትም። አንባቢዎች ሊንኮችን እያጋሩ ድምፅ የሚሰጡበት ዲግ የተባለው ድረ ገጽ በነሐሴ 2010 አራተኛ ቅጂውን ሲያወጣ ተጠቃሚዎቹ የሚወዷቸውን አገልግሎቶች አስወግዶ ለአሳታሚ ድርጅቶች ቅድሚያ ሰጠ። ተጠቃሚዎቹም የመጀመሪያ ገጹን በተፎካካሪው በሬዲት ሊንኮች ሞልተው ተቃወሙ፤ ብዙዎቹም ወደዚያው ሄደው ቀሩ። በ2012 ድርጅቱ ተከፋፍሎ ተሸጠ።

ከመክፈትዎ በፊት ለጥቂት ሰዎች ሥራ ይስጡ፦ «የበረዶውን ቀስት የት እንደማገኝ ፈልግልኝ» ብለው ዝም ብለው ይመልከቱ። አስተያየት አይጠይቁ፤ የት ላይ እንደሚቆሙ ያያሉ። ከነባሮቹ ሁለት፣ ጌሙን በቅርቡ ከጀመሩት ሦስት ሰው ብዙ ያሳያል።

ባዶ ገጾቹን በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ብሞላቸውስ?

በ2023 የዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ተጫዋቾች በሬዲት ላይ «ግሎርቦ» የሚባል ነገር ወደ ጌሙ በመግባቱ የተደሰቱ መስለው ጻፉ። ግሎርቦ የሚባል ነገር ግን ያኔ በጌሙ ውስጥ አልነበረም። የሰዎችን ውይይት በማሽን እየለቀመ ጽሑፍ የሚያወጣ አንድ ድረ ገጽ ግን ጉዳዩን እንደ ዜና አተመው። ቀልዱ የተፈጠረው ይህንኑ ለማጋለጥ ነበር።

አድናቂ ወደ አድናቂ ድረ ገጽ የሚመጣው የጻፈው ሰው ጌሙን ተጫውቷል ብሎ ስላመነ ነው። ባዶ ገጽ «አልተጻፈም» ይላል፤ በግምት የተሞላው ይዋሻል። ማሽኑ የጽሑፍ ግድፈት ለማረም፣ የቁጥር ሠንጠረዥን ከአንድ ቅርጽ ወደ ሌላ ለመለወጥ ይጠቅማል፤ እዚያ ላይ ይጠቀሙበት።

ስለ ቅጂ መብት ምን ያህል ልስጋ?

እንደሚያስቀምጡት ነገር ይለያያል። የራስዎ ትንታኔ፣ የለኩት ቁጥር፣ የጻፉት መመሪያ የእርስዎ ነው። ከጌሙ የተነሱ ምስሎችን አብዛኞቹ አሳታሚዎች በቸልታ ያልፋሉ፤ አንዳንዶቹ ለአድናቂዎች ያወጡት የጽሑፍ ደንብ ስላላቸው እሱን ያንብቡ። ሙሉ ጌም፣ ሙሉ የሙዚቃ አልበም ወይም በአሳታሚው ንብረት ላይ የተሠራ አዲስ ጌም ለማውረድ ማቅረብ ግን ሌላ ደረጃ ነው። በነሐሴ 2016 አድናቂዎች የሁለተኛውን ሜትሮይድ እንደ አዲስ ሠርተው ሲያወጡ ኒንቴንዶ ወዲያው የማውረጃ ሊንኮቹን አስወገደ፤ በማግሥቱ ዓመት የራሱን አዲስ ቅጂ አወጣ። ሴጋ በተቃራኒው በ2017 የወጣውን ሶኒክ ማኒያን ያሠራው ከአድናቂዎች መካከል በወጡ ሠሪዎች ነው። የትኛው አሳታሚ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል፤ «ለትርፍ አልሠራሁም» ማለት ብቻውን መከላከያ አይሆንም።

ወጪውን በማስታወቂያ ልሸፍን?

በልኩ። ጽሑፍ የሚሸፍን፣ ሳይጠየቅ ድምፅ የሚያሰማ ማስታወቂያ የአንድ ዓመት የዲዛይን ሥራ በአንድ ቀን ያፈርሳል። ዋናው ይዘት ጽሑፍና ቀላል ምስል ከሆነ የሰርቨር ወጪው ብዙውን ጊዜ በአንባቢዎች መዋጮ ይሸፈናል፤ ወጪና ገቢውን በግልጽ ማውጣት መዋጮውን ያበረታታል።

ውይይቱ ሁሉ ዲስኮርድ ወደሚባለው የመወያያ መተግበሪያ ሄዷል። ድረ ገጹ ለምን ያስፈልጋል?

ዲስኮርድ ላይ የተሰጠ ጥሩ መልስ በሳምንቱ ከሥር ይቀበራል፤ ከውጭ የሚፈልገው ሰውም በመፈለጊያ ሞተር አያገኘውም። ውይይቱ እዚያ ይቀጥል፤ ውጤቱ ወደ ድረ ገጹ ይምጣ። አንድ ጥያቄ እዚያ ሦስት ጊዜ ከተነሳ ገጽ ይገባዋል የሚል ደንብ አውጥተው ይህን የሚከታተል ሰው ይመድቡ።

ሁሉንም በአንድ ቀን ልቀይር ወይስ ቀስ በቀስ?

ቀስ በቀስ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ። በመጀመሪያ ይዘቱን ይቁጠሩ፤ እያንዳንዱ ገጽ ይቆይ፣ ይታረም፣ ከሌላ ጋር ይዋሃድ ወይስ ወደ መዝገብ ይግባ የሚለውን ይወስኑ። ከዚያ አንድ ክፍል፣ ለምሳሌ የጠላቶችን ዝርዝር፣ በአዲሱ መልክ አውጥተው ይዩት። ምንም ከመንካትዎ በፊት ግን ሙሉ መጠባበቂያ ቅጂ ይያዙ፤ አንዱ ከሰርቨሩ ውጭ ይሁን፣ ተከፍቶ መሥራቱም ይሞከር። ዋና ዋናዎቹን ገጾች የድሮ ድረ ገጾችን ቅጂ በሚያስቀምጠው በኢንተርኔት አርካይቭ ዌይባክ ማሽን ላይ ማስመዝገብም የድሮውን መልክ ለታሪክ ያቆየዋል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ አዲስ የጌም ክፍል በሚወጣበት ሳምንት አይክፈቱ። ትልቁ የአንባቢ ጎርፍ የሚመጣው ያኔ ነው፣ ስሕተትም የሚበዛው ያኔ ነው።

የድረ ገጹ ቁልፎች በማን እጅ ይሁኑ?

ቢያንስ በሁለት ሰው። የአድናቂ ድረ ገጾች ከሚሞቱባቸው ምክንያቶች አንዱ ባለቤቱ ሥራ ሲበዛበት ወይም ፍላጎቱ ሲቀዘቅዝ የዶሜን ስሙ (የድረ ገጹ አድራሻ) ክፍያ ሳይታደስ መቅረቱ ነው፤ የተተወውን ስም ሌላ ሰው ገዝቶ የቁማር ማስታወቂያ ይሞላበታል። ዶሜኑ የተመዘገበበት ኢሜይል፣ የሰርቨሩ መግቢያና የመጠባበቂያ ቅጂው ያለበት ቦታ በጽሑፍ ይቀመጥ።

ከከፈትኩ በኋላ መጀመሪያ ምን ልከታተል?

ሁለት ነገር። የመጀመሪያው የ404 ዝርዝር ነው፤ ሰርቨሩ ያላገኛቸውን አድራሻዎች ይመዘግባል፣ የረሷቸው የድሮ ሊንኮች በመጀመሪያው ሳምንት እዚያ ይወጣሉ። ሁለተኛው በመፈለጊያ ሳጥኑ ተጽፈው ውጤት ያላመጡ ቃላት ናቸው። ከእነዚህ ገሚሱ የስም አጻጻፍ ልዩነት ስለሆነ ከትክክለኛው ገጽ ጋር ማገናኘት ይበቃል፤ የቀረው ገሚስ ቀጥሎ የሚጻፉትን ገጾች ዝርዝር ይሰጥዎታል።